የቶተንሃሙ ቱጃር፣ ሁለቱ ፓይለቶችና ቀድሞ የወጣው ወሬ

እ.ኤ.አ. በ2019 ቶተንሃም ማድሪድ ላይ በሊቨርፑል 2ለ0 ተሸንፎ የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫን ሲያጣ፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባሉ የዲኤስቲቪ ቤቶች የስፐርስ ደጋፊ ሆኖ መታየት ቀላል አልነበረም። አርሰናሉም ማንቸስተሩም ይስቅበታል። ያ ምስኪን ደጋፊ ያላወቀው ነገር ቢኖር በዚያው ዓመት የክለቡ ትልቁ ባለቤት ከሜዳ ውጪ ሌላ ጨዋታ ላይ እንደነበሩ ነው። በዚህኛው ጨዋታ ኳሷን አመቻችተው ያቀበሉት ቢሊየነሩ ሲሆኑ ጎል አግቢዎቹ ደግሞ የግል አውሮፕላናቸው ፓይለቶች ነበሩ።

ሰውየው ጆ ሉዊስ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1937 በምሥራቅ ለንደን የተወለዱት እኚህ አዛውንት በ15 ዓመታቸው ትምህርት አቁመው በአባታቸው የምግብ ዝግጅት ሥራ ውስጥ ገቡ። ሥራውን አስፋፍተው ከሸጡት በኋላ ወደ ባሃማስ ተሻግረው ምንዛሪ መነገድ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1992 የእንግሊዝ ፓውንድ ሲወድቅ ከጆርጅ ሶሮስ ጋር ብዙ ካተረፉት አንዱ እሳቸው እንደነበሩ ይነገራል። ኢኒክ የተባለው ድርጅታቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ከአለን ሹገር ላይ የቶተንሃምን ድርሻ ሲገዛ ክለቡን እንዲመራ የተቀመጠው ዳንኤል ሌቪ ነው። ደጋፊው ለ20 ዓመታት ሲሰድብም ሲያሞግስም የኖረው ሌቪን ነው እንጂ ከኋላው ያለውን ቱጃር ስታዲየም ውስጥ ያየው ጥቂት ነው። ሉዊስ በ98 ሜትሯ አቪቫ ጀልባቸው ላይ፣ ግድግዳቸውን በውድ ሥዕሎች ሞልተው ዓለምን የሚዞሩ ሰው ነበሩ። ፎርብስ ሀብታቸውን ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ገምቶት ነበር።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2023 የኒውዮርክ ደቡባዊ ወረዳ ዐቃቤ ሕግ ዴሚያን ዊሊያምስ በቪዲዮ ብቅ ብለው ክሱን ይፋ አደረጉ። በጠቅላላው 19 ክስ ነው! ሉዊስ በነጋታው ማንሃተን ሄደው እጃቸውን ሰጡ። ጥፋተኛ አይደለሁም ብለው በ300 ሚሊዮን ዶላር ዋስ ሲለቀቁ መያዣ ያደረጉት ያችኑ ጀልባና የግል አውሮፕላናቸውን ነው። ቶተንሃም በበኩሉ ጉዳዩ ከክለቡ ጋር የማይገናኝ የሕግ ጉዳይ ነው ብሎ በአጭሩ አለፈው።

ለመሆኑ ወንጀሉ ምንድን ነው? ነገሩን ወደ ቡሬ ገበያ አምጥቶ ማየት ይቻላል። አንድ የበቆሎ ነጋዴ አለ እንበል። ወንድሙ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ግዢ ክፍል ይሠራል። ፋብሪካው ከሰኞ ጀምሮ ከገበያው ዋጋ አስበልጦ እንደሚገዛ ቅዳሜ ማታ ሹክ ይለዋል። ነጋዴው እሁድን ሲዞር ውሎ ከየገበሬው ጎተራ በርካሽ ይሰበስባል። ሰኞ ሲነጋ ገበሬው ጉዱን ይሰማል፤ ነገር ግን እህሉ ከእጁ ወጥቷል። በእህል ገበያ እንዲህ ያለውን ሰው "ጮሌ" ብለን እናልፈው ይሆናል። በአክሲዮን ገበያ ግን እስር ቤት የሚያስገባ ወንጀል ነው። ምክንያቱም ወሬው የነጋዴው አይደለም፤ የኩባንያውና የባለአክሲዮኖቹ ሁሉ ንብረት ነው። በሥራው ምክንያት ቀድሞ የሰማ ሰው ለሕዝብ እስኪነገር ድረስ መግዛትም መሸጥም ለወዳጁ ሹክ ማለትም አይፈቀድለትም። በአማርኛ የውስጥ አዋቂ ግብይት የሚባለው ይኸው ነው።

በክሱ ላይ እንደተዘረዘረው ሉዊስ ወሬውን የሚያገኙት ገንዘባቸውን ካፈሰሱባቸው ኩባንያዎች ነው። በአንዳንዶቹ ቦርድ ውስጥ የእሳቸው ሰው ይቀመጣል። ከእነዚህ አንዱ ሚራቲ የተባለው የካንሰር መድኃኒት አምራች ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኩባንያው ጥሩ የሙከራ ውጤት ይዞ ሊወጣ ሲል ሉዊስ ለሁለቱ ፓይለቶቻቸው አክሲዮኑን እንዲገዙ ነገሯቸው። መንገር ብቻ አይደለም፤ ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር አበደሯቸው! ከፓይለቶቹ አንዱ ደግሞ አፉን መያዝ አቃተውና አለቃው የውስጥ መረጃ ሳይኖረው እንደማይቀር፣ ገንዘብም እንዳበደራቸው ለወዳጁ በስልክ መልእክት ጻፈ። የዐቃቤ ሕጉን ሥራ ያቀለለው እንዲህ ያለው ጽሑፍ ነው። ውጤቱ ሲነገር አክሲዮኑ ወደ ላይ ወጣ። ሶሊድ ባዮሳይንስስ ስለተባለው ሌላ የመድኃኒት ኩባንያ ደግሞ ወሬው የደረሳት የሉዊስ ፍቅረኛ ነበረች።

ጎጃም ውስጥ በደንብ የሚገባው ግን የከብቱ ታሪክ ሳይሆን አይቀርም። ሉዊስ የአውስትራሊያ ግዙፍ የከብት እርባታ ኩባንያ ዋና ባለአክሲዮን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ኩዊንስላንድ ውስጥ ከባድ ጎርፍ ወርዶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኩባንያው ከብቶች አለቁ። ኢንሹራንሱ ደግሞ አብዛኛውን ኪሳራ የሚሸፍን አልነበረም። ይህ ለገበያው ከመነገሩ በፊት ሉዊስ ለፓይለቶቹ ያላችሁን አክሲዮን ሽጡ አሏቸው። ከሁለቱ አንዱ ምናለ ትንሽ ቀደም ብሎ በነገረን ብሎ አጉረምርሟል። ወሬውን በነፃ ያገኘ ሰው ዘገየብኝ ብሎ ሲያማርር ከዚህ በላይ ምን ይባላል? አውስትራሊያ ውስጥ በዚያ ሰዓት ያንን አክሲዮን የገዛው ሰው ግን የሞተ ከብት በቁም ዋጋ ገዛ ማለት ነው።

ሁሉንም ግራ ያጋባው ጥያቄ ለምን የሚለው ነው። 6 ቢሊዮን ዶላር ያለው ሰው ፓይለቱን ማስደሰት ቢፈልግ ከኪሱ አውጥቶ መስጠት ይችል ነበር። ዐቃቤ ሕግ እንዳለው ሉዊስ ወሬውን እንደ ስጦታና እንደ ጉርሻ ይጠቀሙበት ነበር። ከኪሳቸው ሳይወጣ ይሰጣሉ፤ ሂሳቡን የሚከፍለው በሌላው ጫፍ ያለው የማይታወቅ ሻጭና ገዢ ነው። ስግብግብነት ብቻ ብሎ መፍረድ አይበቃም፤ ሁሉ ነገር የእኔ ነው ከማለት የመጣ ድፍረት ይመስላል።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2024 ላይ ሉዊስ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምተው በሦስት ክሶች ጥፋተኛ ነኝ አሉ። ስህተት መሆኑን እያወቁ ማድረጋቸውንና ማፈራቸውን ለፍርድ ቤቱ ተናገሩ። በኤፕሪል 2024 ዳኛ ጄሲካ ክላርክ የ87 ዓመቱን አዛውንት ዕድሜና ጤንነት አይተው እስሩን ትተው ሦስት ዓመት ክትትልና 5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ወሰኑባቸው። አብሮ የተከሰሰው ብሮድ ቤይ የተባለው ድርጅታቸው የሚከፍለው ሲጨመር ጠቅላላው ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ብዙ ገንዘብ ነው? ለእኛ አዎ። ለእሳቸው ግን ጀልባዋን የሚያሸጥ አይደለም።

በአሜሪካ የክለብ ባለቤት በዚህ ነገር ስሙ ሲነሳ ሉዊስ የመጀመሪያው አይደሉም። የቅርጫት ኳሱ ዳላስ ማቨሪክስ ባለቤት የነበረው ማርክ ኩባን፣ ማማ ዶት ኮም የተባለ ኩባንያ አዲስ አክሲዮን ለተመረጡ ባለሀብቶች ሊሸጥ መሆኑን ቀድሞ ሰምቶ እ.ኤ.አ. በ2004 600 ሺህ አክሲዮን ሸጧል፤ 750 ሺህ ዶላር ኪሳራም አምልጧል ተብሎ በ2008 ተከሶ ነበር። የእሱ የፍትሐ ብሔር ክስ ነበር። ኩባን አልደራደርም ብሎ አምስት ዓመት ተከራክሮ በ2013 ዳላስ ላይ ዳኝነት የተሰየሙት ዜጎች በነፃ አሰናበቱት። መከሰስና ጥፋተኛ መሆን አንድ እንዳልሆነ ከእሱ በላይ ምስክር የለም።

ቶተንሃም ላይ ምን ደረሰ? በሕጉ ምንም። ሉዊስ ከመከሰሳቸው በፊት በኦክቶበር 2022 ክለቡን ከሚቆጣጠሩት ሰዎች ዝርዝር ወጥተው ድርሻው በቤተሰብ ባለአደራ እጅ ገብቶ ነበር። ስለዚህ ፕሪሚየር ሊጉ የተፈረደባቸውን ባለቤቶች የሚያግድበት ደንብ እሳቸውን የሚነካበት መንገድ አልነበረም። ደጋፊው "አጋጣሚ ነው?" ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በሜዳ ክለቡ እ.ኤ.አ. ሜይ 2025 ቢልባኦ ላይ በብሬናን ጆንሰን ጎል ማንቸስተር ዩናይትድን 1ለ0 አሸንፎ ከ17 ዓመት በኋላ ዋንጫ አነሳ። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ሌቪ ወደ 25 ዓመት ከተቀመጠበት ወንበር ተነሳ፤ የሉዊስ ቤተሰብም በወሩ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ክለቡ አስገባ።

ይህ ወሬ የሩቅ አገር ነው ብሎ ገጹን የሚገለብጥ ካለ ትንሽ ይቆይ። የእኛ ክለቦች አብዛኞቹ የከተማ አስተዳደር፣ የባንክ ወይም የመሥሪያ ቤት ስለሆኑ ሉዊስን የመሰለ ባለቤት የላቸውም፤ ጭንቀታቸውም የተጫዋች ደመወዝ ነው። ነገር ግን የባንክ አክሲዮን የያዘ የኳስ አፍቃሪ በየከተማው አለ። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 በውስጥ መረጃ መገበያየትን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2025 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሲከፈት የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ሆኗል። ስለዚህ በቡና መካከል "የእነ እገሌ ባንክ ዘንድሮ ትርፉ ጉድ ነው፣ ሳይነገር ግዛ" የሚል የባንክ ሠራተኛ ጓደኛ ከተገኘ፣ ሉዊስ ለፓይለቶቻቸው የነገሩት ዓይነት ወሬ ነው።

ለማንኛውም የሉዊስ ፋይል በቅጣቱ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2025 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ይቅርታ አደረጉላቸው። ሰውየው ይቅርታውን የጠየቁት አሜሪካ ገብተው ለመታከምና የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት ነው ተብሏል።