በሽቦ ቀዳዳ የሚገባ ባሕር፦ የሸራ ጀልባ ወለልና የጠብታ ፊዚክስ

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል። አባባሉ ለወንዝ ተሻጋሪ የተነገረ ቢሆንም ለባሕር ተጓዥም ይሠራል። የሸራ ጀልባን ለአደጋ የሚዳርገው ታላቅ ማዕበል ብቻ አይደለም፤ ከጣት የማይወፍር ኬብል የሚያልፍበት ቀዳዳም ጭምር ነው። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ውሃ በዚህች ቀዳዳ እንዴት እንደሚገባና በምን ዘዴ እንደሚታገድ እንመለከታለን።

ቀዳዳው ለምን አስፈለገ?

በጀልባው ምሰሶ ጫፍ ላይ የጉዞ መብራት፣ የሬዲዮ አንቴናና የነፋስ መለኪያ ይተከላሉ። ባትሪው ግን ከወለሉ በታች ነው። ምሰሶው በወለሉ ላይ በሚቆምባቸው ጀልባዎች ሽቦው ወለሉን በስቶ ከመውረድ ሌላ መንገድ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ፣ ርዝመቱ ከ20 ሜትር ያነሰ የሸራ ጀልባ በሸራ ሲጓዝ የጎንና የኋላ መብራቶቹን በአንድ ፋኖስ አዋህዶ በምሰሶው ጫፍ እንዲሰቅል ይፈቅድለታል። እንግዲህ ያ አንድ ሽቦ ከተበላሸ ጀልባው በሌሊት ለታላላቅ መርከቦች ዓይን ይሰወራል ማለት ነው።

ውሃው የሚገባባቸው ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው ስበት ነው። ውሃ የኬብሉን ገላ ተከትሎ እየተንሸራተተ በቀጥታ ወደ ቀዳዳው ይወርዳል።

ሁለተኛው በኩራዝ ክር ውስጥ ጋዝን ወደ ላይ የሚስበው የካፒላሪ ኃይል ነው። የቱቦው ውስጥ በጠበበ ቁጥር ውሃ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ግማሽ ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር በሆነ ንጹሕ የመስታወት ቱቦ ውስጥ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚወጣው ውሃ፣ በ0.1 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። በብዙ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች የተገመደ ሽቦም በክሮቹ መካከል እንዲህ ያሉ ጠባብ መንገዶች አሉት። ስለዚህ ጫፉ የተራቆተ ሽቦ በፕላስቲክ ሽፋኑ ውስጥ ውሃን ይመጥጣል።

ሦስተኛው የአየር ግፊት ነው። በፀሐይ የጋለ የሽቦ መገናኛ ሳጥን ቀዝቃዛ የባሕር ውሃ ሲረጭበት በውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። ያን ጊዜ ሳጥኑ በትንሿ ስንጥቅ በኩል ውሃን ወደ ውስጥ ይስባል።

ከገባ በኋላስ?

በአንድ ኪሎ ግራም የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ይህ ውሃ የተራቆቱትን የአዎንታዊና የአሉታዊ ሽቦ ጫፎች ሲያገናኝ ኤሌክትሮሊሲስ ይጀመራል፤ በአዎንታዊው ጫፍ ያለው መዳብ እየሟሟ ይበላል። የወለሉ ጉዳት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የብዙ ጀልባዎች ወለል በሁለት የፋይበር ግላስ ንጣፎች መካከል ባልሳ የተባለ ቀላል እንጨት የተሞላበት ነው። እርጥበቱ እንጨቱ ዘንድ ሲደርስ ከውጭ ምንም ሳይታይ ውስጥ ውስጡን ያበሰብሰዋል፤ ንጣፎቹም ይላቀቃሉ።

መፍትሔው

ብዙዎች የሚቸኩሉት ቀዳዳውን በሲልከን ለመድፈን ነው። ነገር ግን ኬብሉ ይንቀሳቀሳል፤ ፕላስቲክና ፋይበር ግላስም በሙቀት እኩል አይለጠጡም። በመሆኑም ድፍኑ ከጊዜ በኋላ ይላቀቃል።

የተሻለው ሥራ ከቅርጽ ይጀምራል። እንደ ከዘራ እጀታ የታጠፈና አፉ ወደ ታች የሚመለከት ቧንቧ በወለሉ ላይ ይተከላል፤ ኬብሉም ከአፉ ዝቅ ብሎ ከታጠፈ በኋላ ወደ ላይ ወጥቶ ይገባል። ጠብታው ከእጥፋቱ ግርጌ ይንጠባጠባል እንጂ ሽቅብ አይንሸራተትም። ቧንቧው ከመተከሉ በፊት ቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ ይሰረሰራል፤ በዙሪያው ያለው ባልሳ ተፍቆ በኢፖክሲ ይሞላል፤ ሲደርቅም በትክክለኛው ልክ እንደገና ይበሳል። እንዲህ ሲደረግ ውሃ ቢያመልጥ እንኳ እንጨቱን አያገኘውም።

ቧንቧ በማይመችበት ቦታ፣ ዳዶው ሲጠብቅ ጎማው ኬብሉን ዙሪያውን ጨምቆ የሚይዝ ኬብል ግላንድ ይመረጣል። ጎማው የሚያጣብቀው ክብ ኬብልን ነው፤ ሁለት ሽቦ በአንድ ቀዳዳ ከገባ በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል። የጥራት ምልክቱንም በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል፦ አይፒ 67 ማለት ዕቃው አቧራ የማያስገባና በ1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ መጥለቅን የተቋቋመ ነው ማለት እንጂ፣ እንደ ማዕበል በኃይል የሚመታ ውሃን ይችላል ማለት አይደለም። በመጨረሻም ቲን በተባለው ብረት የተለበጠ የመዳብ ሽቦ ይመረጣል፤ ጫፎቹም ሙቀት ሲነካው በሚኮማተርና በውስጡ ማጣበቂያ ባለው ቱቦ ይታሸጋሉ።

ትምህርቱ ለባሕርተኛ ብቻ አይደለም። ከጣሪያ ላይ ከዲሽ ተነሥቶ ወደ ቤታችን የሚገባው ኬብል በክረምት ዝናብ የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው። ኬብሉ ወደ ግድግዳው ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ታጥፎ እንደሆነ ዛሬውኑ ተመልከቱ። ውሃን በኃይል ከመግታት ይልቅ መውረጃውን ማሳየት ይቀላልና።