ምክንያትንና ውጤትን በንባብ ለይቶ ማወቅን ለልጆች ስለ ማስተማር

ንባብ ሁለት ወገን ነው። አንደኛው በዓይን አይቶ በአፍ መናገር ነው፤ ሁለተኛው በልብ መረዳት ነው። ፊደሉን ሳይስት፥ ቃሉን ሳይሰብር፥ እንደ ውኃ ወራጅ የሚያነብ ልጅ፥ ካነበበው ነገር «ይህ ስለ ምን ሆነ?» ተብሎ ቢጠየቅ ዝም የሚል ከሆነ፥ የመጀመሪያውን ወገን እንጂ ሁለተኛውን ገና አላገኘም። የቀድሞ መምህራን ይህን ያውቁ ነበርና ንባብን በንባብ ቤት፥ ትርጓሜን በትርጓሜ ቤት ለይተው አስተማሩ። በትርጓሜ ቤት መምህሩ አንዱን ቃል ካሰማ በኋላ «ስለ ምን ቢሉ» ብሎ ራሱ ይጠይቃል፤ ራሱም ይመልሳል። ደቀ መዝሙሩም በዚህ ልማድ ነገርን ከምክንያቱ ጋራ ማያያዝን ይማራል። ይህን ጥያቄ ለትርጓሜ ቤት ብቻ ሳይተዉ፥ ገና ንባብ ለጀመሩ ለገጠር ትምህርት ቤት ልጆችም ማድረስ ይገባል።

1ኛ፤ የቃሎቹ ትርጓሜ።

ምክንያት ማለት አንድን ነገር እንዲሆን ያደረገው ነው። ውጤት ማለት ከዚያ የተነሣ የሆነው ነው። ልጆች «ሰበብ» የሚለውንም ቃል ከቤታቸው ያውቁታል፤ ነገር ግን ሰበብ አንዳንድ ጊዜ እውነተኛውን ምክንያት፥ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሰው ለማመካኘት ያቀረበውን ነገር ያመለክታል። አስተማሪው ይህን ልዩነት በምሳሌ ቢያስረዳ መልካም ነው። «ዝናቡ ከትምህርት ቤት አስቀረኝ» ያለ ልጅ፥ ወንዙ ሞልቶ እንደ ሆነ ምክንያት ተናገረ፤ ወንዝ የማይሻገርና ቤቱ በትምህርት ቤቱ አጠገብ እንደ ሆነ ግን ሰበብ ፈለገ።

2ኛ፤ ምክንያትን የሚያመለክቱ ቃላት።

በግዕዝ እስመ፥ አምጣነ፥ በእንተ የተባሉት ቃላት ምክንያትን ያመለክታሉ። በአማርኛም «ስለ»፥ «ና»፥ «ከዚህ የተነሣ»፥ «ስለዚህ»፥ «ምክንያቱም» የሚባሉ አሉ። ነገር ግን ከነዚህ አንዳንዶቹ ሁለት ፊት ያላቸው ስለ ሆኑ ልጁን ያሳስቱታል።

«ስለ ደን ተናገረ» ሲባል «ስለ» ምክንያትን አያሳይም፤ የነገሩን ጉዳይ ብቻ ይነግራል። «ስለ ዘነበ ወንዙ ሞላ» ሲባል ግን ምክንያት ነው። እንደዚሁም «ጥድና ዝግባ» ሲባል «ና» ሁለቱን ስሞች ያያይዛል እንጂ አንዱን የሁለተኛው ምክንያት አያደርግም። «ታሟልና አልመጣም» ሲባል ግን «ና» የእስመን ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ልጁ «ና»ን ባየ ጊዜ፥ ከስም በኋላ ነው ወይስ ከግሥ በኋላ? ብሎ መጠየቅን ይልመድ። «ምክንያቱም» ደግሞ ውጤቱን አስቀድሞ ምክንያቱን ያስከትላልና፥ በንባብ ፊተኛ የሆነው ነገር ሁልጊዜ በሥራም ፊተኛ እንዳይመስለው ያስፈልጋል።

3ኛ፤ ምልክት የሌለው ምክንያት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ምንም ማያያዣ የሌለው ነው። አማርኛ በቦዝ አንቀጽ ብዙ ነገር ይናገራል። «እግሩን ተሰብሮ ተኛ» ሲባል መሰበሩ የመተኛቱ ምክንያት ነው። «እራቱን በልቶ ተኛ» ሲባል ግን መብላቱ ቀደመ እንጂ አላስተኛውም። የሁለቱ ንግግር አካሄድ አንድ ነው፤ የሚለያቸው የአንባቢው ማስተዋል ብቻ ነው።

ለዚህ የሚረዳ አንድ መመዘኛ አለ። ይኸውም «ያ ባይሆን ኖሮ ይህ ይሆን ነበርን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ዶሮ ይጮኻል፤ ከዚያም ይነጋል። ዶሮው ታርዶ ቢያድርስ አይነጋምን? ልጆቹ ይሥቃሉ፤ ሥቀውም የሚቀድም ነገር ሁሉ ምክንያት እንዳልሆነ ይረዳሉ።

4ኛ፤ በጭልሞ ደን ምሳሌነት።

የንባብ ምሳሌ ልጁ በዓይኑ ከሚያየው ነገር ቢወሰድ ይሻላል። በምዕራብ ሸዋ፥ በደንዲ ወረዳ፥ በጊንጪ ከተማ አቅራቢያ የጭልሞ ደን ይገኛል። በአካባቢው ላሉ ልጆች አስተማሪው የሚከተለውን አጭር ንባብ በሰሌዳ ሊጽፍላቸው ይችላል።

«በጭልሞ ጥድ፥ ዝግባና ወይራ ያሉበት ደን አለ። ቅጠሉ የዝናቡን ኃይል ይቀበላልና ጠብታው መሬቱን አይደበድበውም። የረገፈው ቅጠል ውኃውን ያዘገየዋል፤ ውኃውም ወደ መሬት ይሠርጋል። ዛፉ በተቈረጠበት ዳገት ግን ዝናብ በመጣ ጊዜ አፈሩ ታጥቦ ይወርዳል። ስለዚህ በታች ያለው ወንዝ ይደፈርሳል።»

ልጆቹ ካነበቡ በኋላ ጥያቄው ከቀላል ወደ ከባድ ይሂድ። ጠብታው መሬቱን ስለ ምን አይደበድበውም? መልሱ «ና» በሚለው ምልክት ተገልጧል። ውኃው ስለ ምን ይሠርጋል? እዚህ ምልክት የለም፤ ልጁ ሁለቱን ነገሮች ራሱ ያያይዝ። ወንዙ ስለ ምን ይደፈርሳል? «ስለዚህ» የሚለው ቃል ወደ ኋላ ያመለክታልና፥ ልጁ ጣቱን ወደ ኋላ መልሶ የሚያመለክተውን ነገር ይፈልግ። ብዙዎች «ዛፉ ስለ ተቈረጠ» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን መካከለኛው ተዘልሏል። ዛፉ ተቈረጠ፤ አፈሩ ጠባቂ አጣ፤ ዝናብ አጠበው፤ ወደ ወንዝ ገባ፤ ወንዙ ደፈረሰ። ይህን እንደ ሰንሰለት ቀለበት በሰሌዳ ላይ በተራ መጻፍና ከመካከሉ አንዱን ደምስሶ የጐደለውን እንዲሞሉ ማድረግ ታላቅ ልምምድ ነው።

ሰንሰለቱ ወደ ፊትም ይቀጥላል። አዋሽ የሚነሣው በዚሁ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ነው። ከዚያ ወርዶ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1960 ወደ ተመረቀው የቆቃ ግድብ ይገባል፤ ባሕር ሳይደርስም በአፋር ምድር ባሉ ሐይቆች ይቀራል። ከላይኛው የአዋሽ አገር ታጥቦ የሚወርደው ደለል በቆቃ ይተኛል፤ ደለሉ በበዛ መጠንም ግድቡ የሚይዘው ውኃ ያንሳል። የደጋው ልጅ በካርታ ላይ ወንዙን በጣቱ ቢከተል፥ በአንድ ዳገት የተሠራ ሥራ ውጤቱ አይቶት ወደማያውቀው አገር እንደሚደርስ ያስተውላል።

ሰንሰለቱ ወደ ኋላም ይሄዳል። ሰው ዛፉን ስለ ምን ቈረጠ? አንድ ልጅ «ክፉ ስለ ሆነ» ቢል አስተማሪው አይቀበለው። ይህ ፍርድ እንጂ ምክንያት አይደለም። ማገዶ ያስፈልጋል፤ ለቤት ሥራ እንጨት ያስፈልጋል፤ ለእርሻ መሬት ጠቧል፤ ድኻ ሰው እንጨት ሸጦ ልጆቹን ይመግባል። እውነተኛው ምክንያት ሲታወቅ ነው መድኃኒቱም የሚታወቀው። በጭልሞ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ነዋሪዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ደኑን ከመንግሥት ጋራ በጋራ እንዲጠብቁና በሥርዓት እንዲጠቀሙበት የሚያደርግ ሥራ ተጀመረ። የዚህ ሥራ መሠረት፥ በደኑ የሚኖር ሰው ከደኑ መብትና ጥቅም ቢኖረው ራሱ ጠባቂ ይሆናል የሚል አሳብ ነው። ቈራጩን ክፉ ነው ብሎ የጨረሰ ሰው ግን ይህን መንገድ ሊያገኝ አይችልም።

5ኛ፤ ምክንያቱ ከአንድ ይበልጥ ሲሆን።

«ዛፉ ባይቈረጥ ወንዙ ከቶ አይደፈርስም ነበርን?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ አስተዋይ ልጅ «ከታረሰ ዳገትም አፈር ይወርዳል» ብሎ ይመልስ ይሆናል። ይህን ልጅ ማመስገን ይገባል፤ አንድ ውጤት ብዙ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ተረድቷልና።

ታላላቅ ሰዎችም በዚህ ነገር ተሳስተዋል። ወባ በፈረንጆች ቋንቋ ማላሪያ ይባላል፤ ስሙ ከኢጣልያ ቋንቋ የተገኘ ሆኖ ትርጓሜው ክፉ አየር ማለት ነው። ሰዎች በረግረግ አጠገብ ያደረ ሲታመም አይተው የረግረጉን ሽታ ምክንያት አደረጉት። ሮናልድ ሮስ የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም ግን በሕንድ አገር በአውሮጳ አቆጣጠር በ1897 የበሽታውን ተሐዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ። ረግረጉ ትንኝን ያራባል፤ ትንኟ በሽታውን ታስተላልፋለች። የቀድሞ ሰዎች ረግረግና በሽታ አብረው መሄዳቸውን በትክክል አይተው ነበር፤ የጠፋቸው መካከለኛው ቀለበት ነበር። ያ ቀለበት ሳይታወቅ ሰው ሽታን ይሸሻል፤ ትንኝን ግን አይከላከልም።

6ኛ፤ ስለ አፍ መፍቻ ቋንቋ።

በጭልሞና በአካባቢው ያሉ ልጆች ብዙዎቹ አፋቸውን የሚፈቱት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮም በኦሮሚያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በዚሁ ቋንቋ ይሰጣል። ስለዚህ አማርኛን የሚያስተምር ሰው የልጁን ዝምታ ወዲያው እንደ አለማስተዋል አይቍጠረው። ልጁ በቤቱ «ማሊፍ» ብሎ ስለ ምን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ «ከናፍ» ብሎም ስለዚህ ማለትን ያውቃል። አስተማሪው ጥያቄውን በመጀመሪያ በልጁ ቋንቋ ቢጠይቅ፥ ልጁ ያጣው ማስተዋልን ነው ወይስ የአማርኛውን ቃል ብቻ? የሚለው ይገለጥለታል። ለሁለቱ የሚሰጠው ትምህርት የተለያየ ነው።

7ኛ፤ የአስተማሪው ጥንቃቄ።

አስተማሪው መልሱን ራሱ ፈጥኖ አይናገር። የተሳሳተ መልስ የሰጠውንም ልጅ አይቈጣ፤ ይልቁንም «ይህን ከየትኛው ቃል አገኘኸው?» ብሎ ወደ ንባቡ ይመልሰው። በየቀኑ ከሚነበበው ላይ ሁለት ወይም ሦስት «ስለ ምን» ቢጠየቅ ይበቃል፤ ብዙ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ማብዛት ልጁን ያሰለቸዋል። ልጆቹም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሳይጠየቁ ራሳቸው መጠየቅ ይጀምራሉ። በዚያን ጊዜ የሚያነቡትን መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን፥ በገበያ የሚሰሙትን ወሬና ሰው በሰው ላይ የሚያወራውን ክስ ሁሉ ይመረምራሉ። ከብቱ የሞተበት ሰው ጐረቤቱን በመተት ሲከስ፥ «እርሱ በደጅህ ማለፉ ከብትህን እንዴት ገደለው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ አንባቢ በመንደሩ ቢገኝ ብዙ ጠብ ይቀራል፤ የከብቱም በሽታ በጊዜ ታውቆ የቀሩት ይድናሉ።