ቀዩ ሐይቅ

(የመቅዘፊያ ምት፤ ዝቅ ይላል)

ተራኪ፦ ዓባያ ነው። ከአርባ ምንጭ ከፍታ ቁልቁል ለሚያየው ጎረቤቱ ጫሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ይኼኛው ቀይ ነው። ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በ1896 በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎት ነበር። ስሙ ካርታ ላይ ሰንብቶ ቀረ።

ሐይቁ ላይ ጊዲቾ አለች። በዚህች ደሴት ሁለት ሕዝቦች ጎን ለጎን ኖረዋል። ባይሶዎች ቋንቋቸው ኩሽቲክ ነው፤ ሐሮዎች ኦሞቲክ። ሐሮዎች የታወቁት በዓሣ ማጥመድና በጉማሬ አደን ነው። አንድ ጉማሬ ከሺህ ኪሎ ይበልጣል፤ ብቻውን የቀዘፈ ሰው አይደፍረውም። ታንኳ ታንኳን መጥራት አለበት፤ የአንዱ እጅ ቢዝል ሌላው ሊደርስለት ይገባል። ይህን ያህል ድፍረትና መተማመን የሚጠይቅ ሙያ ግን ክብር አላስገኘላቸውም። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ተናቁ። ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን የናቀ አገር እነርሱንም አልማረም። የቋንቋ ምሁሯ ሂሩት ወልደማርያም የሐሮን ሰዋስው አጥንታ ጽፋለች። ስንናቃቸው የኖርናቸው ሰዎች አንደበት መጽሐፍ ሆኖ ተቀምጧል፤ ደግ አደረገች።

(የገበያ ድምፅ)

ዛሬ የዓባያ አጥማጅ መረብ ይጥላል። ቆሮሶ፣ አምባዛ። ሁዳዴ ሲገባ ፈላጊው ይበዛል፤ ዓሣው ከዳር ሳይርቅ ይሸጣል።

ታዲያ ሐይቁ ለምን ቀላ? እዚህ ላይ አጥማጁን ትተን ሽቅብ መሄድ ግድ ነው። የብላቴ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች ይነሣል፤ ሐላባን አልፎ፣ የሾኔንና የባደዋቾን አካባቢ እየታከከ ይወርድና ዓባያ ይገባል። ዝናብ በጣለ ቁጥር የተራቆተውን ተዳፋት አፈር ይዞ ይሄዳል። በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ብርሃን ጠልቆ አይገባም፤ ብርሃን ከሌለ ዓሣው የሚመገበው ረቂቅ ተክል አይበቅልም። ዓባያ በስፋት ጫሞን እያስከነዳው በዓሣ የሚያንሰው ለዚህ ነው።

የሾኔ ገበሬ እርሻው ሲሳሳ ያያል። የጊዲቾ አጥማጅ መረቡ ሲቀል ያያል። የሁለቱ ችግር አንድ አፈር ነው፤ ሰዎቹ ግን አይተዋወቁም። ስለ ሐይቁ በሚመከርበት ስብሰባ የሾኔ ገበሬ መቀመጫ ይገባዋል።

በሚቀጥለው ክፍል ማይክሮፎናችንን ይዘን ብላቴ ዳር እንወርዳለን፤ ማሳው ላይ እርከን የሠራውንም፣ ያልሠራውንም እንጠይቃለን።