ያውቁ ኖሯል? ቡናን የሚያደርቀው ፈንገስ በዘመዱ ስም ተጠርቶ ነበር

በክብረ መንግሥት ዙሪያ የሚለማው የጉጂ ቡና አረቢካ ነው። የአረቢካ ክፉ ጠላት የሆነው የቡና አጠውልግ በሽታ በኢትዮጵያ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ያኔ ጥፋቱ በፉዛሪየም ኦክሲስፖረም ተሳበበ። ትክክለኛው ገዳይ ዘመዱ ፉዛሪየም ዛይላሪዮይድስ መሆኑ የተረጋገጠው በ1973 ነው።

እንዴት ይለያሉ?

▪ በዓይን፦ የታመመው ግንድ ልጡ ሲላጥ እንጨቱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ቀለም ያሳያል። በልጡ ስንጥቅ ጥቃቅን ጥቁር ከረጢቶች ይወጣሉ፤ ኦክሲስፖረም ግን እንዲህ ያለ ከረጢት ሲያወጣ ታይቶ አይታወቅም።

▪ በማይክሮስኮፕ፦ የዛይላሪዮይድስ ብናኝ ዘር እንደ ማጭድ በጣም የቆለመመ ነው።

▪ በዲኤንኤ፦ በ2005 የታተመ ጥናት ዛይላሪዮይድስን ራሱን በሁለት ከፈለው። አቢሲኒያይ የተባለው አረቢካን፣ ካኔፎሬ የተባለው ሮቡስታን ያጠቃል። ስለዚህ ችግኝ በሽታን መቋቋሙ የሚፈተነው በራሱ ጠላት ነው።

ለአምራቹ፦ ፈንገሱ በቁስል ይገባል። ሲያርሙ ግንዱን አያቁስሉ፤ የታመመውን ነቅለው እዚያው ያቃጥሉ፤ ገጀራና ዶማዎን ወደ ሌላ ዛፍ ከመሻገርዎ በፊት በእሳት ያጽዱ።