ባዶ የቤንዚን ታንክ ለምን ይፈራል?

አሮጌ መኪና ማደስ ለሙያ ትምህርት ተማሪዎች ጥሩ መለማመጃ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም የምትታየው፣ በተለምዶ ቮልስ የምንላት አሮጌዋ ቮልስዋገን ለዚህ ትመቻለች። ሞተሯ ከኋላ፣ የቤንዚን ታንኳ ከፊት ኮፈን ሥር ነው፤ ወደ 40 ሊትር ይይዛል። ከአካሏ ጋር የያዙት 4 ብሎኖች ስለሆኑ ማውረዱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሌላ ነው።

ብዙ ሰው ቤንዚኑ ተንጠፍጥፎ ካለቀ አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የሚቀጣጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ከእርሱ የሚነሣው ተን ነው፤ ይኸውም ከአየር ጋር ሲደባለቅ ከመቶ ከ1.4 እስከ 7.6 እጅ ያህል ሲሆን ነው። በሞላ ታንክ ውስጥ ተኑ ከዚህ ስለሚበልጥ የሚያነድደው አየር ያጥረዋል። በባዶው ግን አየር እንደ ልብ ነው። እስቲ ተማሪዎች ያስሉት፦ ከ40 ሊትር 1.4 ከመቶው 0.56 ሊትር ተን ነው፤ ይህን የሚሰጠው ቤንዚን አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በዝገትና በመጋጠሚያ ውስጥ ይህን ያህል በቀላሉ ይቀራል። (ስሌቱ በሰሌዳ ይብቃ፤ በቆርቆሮና በክብሪት አይሞከር።)

ስለዚህ ሥራው ከባትሪው ይጀመራል። የቮልስ ባትሪ ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሆነ ይረሳል። የኔጋቲቩ ሽቦ አስቀድሞ ይፈታ፤ ቤንዚን ከተቀዳ በኋላ ቢፈታ ብልጭታው ተኑን ያገኘዋል። መኪናዋም ደጅ ትውጣ፤ ተኑ ከአየር ስለሚከብድ በጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ከታንኩ ሥር ያለው የጎማ ቱቦ ተነቅሎ ቤንዚኑ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ይቀዳ። ዕቃውና የመኪናዋ አካል በሽቦ ቢያያዙ በመፍሰሱ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ሙል አይጠራቀምም፤ የፕላስቲክ ባልዲ ለዚህ አይሆንም። በአፍ መሳብ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ጥቂት ቤንዚን ወደ ሳንባ ቢገባ ብርቱ ሕመም ያመጣል። ከዚያ የነዳጅ መለኪያው ሽቦ ካለ ተላቆ፣ ብሎኖቹ ተፈትተው ታንኩ ይነሣል።

ታንኩ ቀዳዳ ካለው ወደ በያጅ መሮጥ ይመጣል። አጥቦ ማድረቅ አይበቃም፤ የብየዳው ሙቀት በዝገት የተሸሸገውን ያስተንነዋል። የሠለጠኑ ባለሙያዎች ታንኩን በናይትሮጅን ሞልተው አየሩን ያስወጣሉ። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ባይሞከር እመርጣለሁ፤ ሌላ ታንክ መፈለግ ይቀላል። የተቀዳው ቤንዚን ጠቁሮ ከሸተተ ወደ ሞተር አይመለስ፤ ወደ ቦይም አይደፋ፤ ቦዩ ውስጥ የሚሄደው ተን የማን ምድጃ ጋ እንደሚደርስ አይታወቅም።