ሄዱ እንጂ አልጠፉም፦ የአንድ ቤተሰብ የዐቢይ ጾም ጉዞ በኮሎራዶ

ስደት በቅዱሳት መጻሕፍት ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። አብርሃም ከአባቱ ቤት ወጥቷል፤ ያዕቆብ ከነልጆቹ ወደ ግብፅ ወርዷል፤ ጌታችንም በሕፃንነቱ በእናቱ እቅፍ ተሰዷል። ይህን በመንፈሳዊ ኮሌጅ ተምረነዋል፤ በዐውደ ምሕረት ቆመንም አስተምረነዋል። ዳሩ ግን የገዛ ልጃችን «ቤታችን የት ነው?» ብላ በጠየቀችን ጊዜ የምንመልሰው ቃል አጣን።

ቤተሰባችን ከአዲስ አበባ ወጥቶ በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት አምስት ዓመት ከኖረ በኋላ በ2016 ዓ.ም. ክረምት በሥራ ምክንያት ወደ ኮሎራዶ ግዛት ተዛወረ። መኖሪያችንንም በዴንቨር አጠገብ ባለችው በአውሮራ ከተማ አደረግን። በአካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ ቤተ ክርስቲያንም፣ እንጀራም፣ ቡና አጣጭም አላጣንም። የ13 ዓመቷ ታላቋ ልጃችን ግን ጓደኞቿንና አብረዋት የሚዘምሩትን የሰንበት ትምህርት ቤት እኅቶቿን ትታ በመምጣቷ ልቧ አልረጋም። አዲሱን መኖሪያችንን «አፓርታማው» ትለዋለች እንጂ አንድ ቀን እንኳ «ቤታችን» ብላ ጠርታው አታውቅም። አንድ ምሽት ግን፦ «አባዬ፣ አዲስ አበባ ቤታችን ነው ትሉ ነበር፣ ወጣን። ቨርጂኒያን ቤታችሁ አድርጉት አላችሁን፣ እሱንም ለቀቅን። እንግዲህ ቤታችን የት ነው?» አለችን።

መልሱን በቃል መስጠት ቢሳነን መንገድ ለመውጣት ወሰንን። የትምህርት ቤቶች የጸደይ ዕረፍት በ2017 ዓ.ም. የዋለው በደብረ ዘይት ማግስት ነበር። በየመንገዱ ከቅቤና ከአይብ የጸዳ ምግብ ማግኘት እንደሚያስቸግር ስለምናውቅ እናታቸው በሶ፣ ዳቦ ቆሎና የሽምብራ ቆሎ ሰንቃ፣ መኪናችንን ጭነን መጋቢት 15 ቀን በማለዳ ተነሣን።

ኮሎራዶ ማለት በስፓኝ ቋንቋ «ቀይ ቀለም ያለው» ማለት ሲሆን፣ ግዛቱ 38ኛ ሆኖ የአሜሪካን ኅብረት የተቀላቀለው በ1876 እ.ኤ.አ. ነው። ዋና ከተማው ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር ወይም አንድ ማይል ከፍታ ላይ በመቆሙ ነዋሪዎቹ «ባለ አንድ ማይል ከተማ» እያሉ ይኮሩበታል። የ8 ዓመቱ ታናሽ ወንድሟ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን፣ ራስ ዳሸንም ከኮሎራዶ ተራሮች ሁሉ እንደሚበልጥ በነገርነው ጊዜ መንገዱን ሙሉ ሲፎክር ዋለ። እኅቱ ግን በመስኮቱ እየተመለከተች ዝም አለች።

የመጀመሪያው ማረፊያችን በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ የሚገኘው፣ ቀያይ ዓለቶች እንደ ግንብ የቆሙበት መናፈሻ ነበር። ስሙ «የአማልክት የአትክልት ስፍራ» እንደሚባል ስትሰማ እናታቸው አማተበች። ታሪኩን ስንነግራት ግን ፊቷ ፈታ አለ። የቦታው ባለቤት የነበሩት የባቡር ኩባንያ መሪ ቻርልስ ኤሊየት ፐርኪንስ ካረፉ በኋላ፣ ልጆቻቸው መሬቱን በ1909 እ.ኤ.አ. ለከተማው የሰጡት ሕዝብ ለዘለዓለም ያለ ክፍያ እንዲገባበት ቃል አስገብተው ነው። እኛም ሳንቲም ሳንከፍል ገብተን ወጣን።

በማግስቱ ወደ ደቡብ ወርደን፣ በሰሜን አሜሪካ ከሁሉ የሚረዝመው የአሸዋ ክምር ወዳለበት ብሔራዊ ፓርክ ደረስን። ከክምሮቹ ረጅሙ 225 ሜትር ያህል ይሆናል። ነፋስ ከሸለቆው የጠረገውን አሸዋ ተራሮቹ አላሳልፍ ብለው ስለሚመልሱት በግርጌያቸው ተቆልሎ ቀርቷል። ከበስተጀርባው በረዶ ለብሶ የሚታየው የተራራ ሰንሰለት «ሳንግረ ዴ ክሪስቶ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «የክርስቶስ ደም» ማለት ነው። በዐቢይ ጾም እኩሌታ ይህን ስም በባዕድ ምድር ማግኘታችን አስገረመን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አሸዋው ላይ ተቀምጠን ጸሎት አድርሰን በሶ በጠበጥን። ልጁ እየተንከባለለ ሲወርድ እኅቱ ለብቻዋ ተቀምጣ አሸዋ በእፍኟ ትዘግን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የዎልፍ ክሪክ በር ስንሻገር በረዶ ጣለ። መንገዱ ነጭ ሆኖ ፊታችን ያለው መኪና ከዐይናችን ተሰወረ። እናታቸው ውዳሴ ማርያም ስትደግም፣ እኛም መሪውን ጨብጠን በልባችን «ልጆቹን ለዚህ ነውን ያመጣናቸው?» እያልን እንደ ኤሊ ተጓዝን። በሰላም ወርደን ካደርን በኋላ በአራተኛው ቀን ሜሳ ቨርዴ ገባን።

ሜሳ ቨርዴ የፑዌብሎ ሕዝቦች አባቶች ከ700 ዓመት በላይ የኖሩበት ስፍራ ነው። በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ ያመርቱ ነበር። ኋላም በ12ኛው ምእት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው ምእት ዓመት በገደል ወገብ ላይ፣ በዋሻ ጥላ ሥር ድንጋይ ጠርበው ቤቶችን ሠሩ። «የገደሉ ቤተ መንግሥት» የሚባለው ብቻ 150 ያህል ክፍሎች አሉት። በክረምት ወደ ውስጥ ስለማያስገቡ ከሸለቆው ማዶ ቆመን አየነው። ሕዝቡ ግን በ13ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ፣ ብርቱ ድርቅ በበረታበት ዘመን፣ ሁሉን ትቶ ሄደ።

ልጃችን ለብዙ ቀን የዘጋችውን አፏን ከፍታ አጠገባችን የቆመችውን የፓርኩን ጠባቂ፦ «ሰዎቹ የት ጠፉ?» ስትል ጠየቀቻት።

«ሄዱ እንጂ አልጠፉም» አለቻት ጠባቂዋ። በኒው ሜክሲኮና በአሪዞና የሚኖሩት እነ ሆፒ፣ ዙኒና አኮማ የእነርሱ ልጆች መሆናቸውን፣ እስከ ዛሬም ይህን ስፍራ የአባቶቻችን ቤት እያሉ እየመጡ እንደሚጸልዩበት አስረዳቻት።

እኛም በዚያ ቆመን የምናውቀውን ጨመርንላት። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሜሳ ቨርዴና የቅዱስ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ መዝገብ ሰፍረዋል። ሁለቱም ድንጋይን ያናገሩ እጆች ሥራ፣ ዘመናቸውም የተቀራረበ ነው። «ልዩነቱ» አልናት፣ «በላሊበላ ዛሬም ይቀደሳል።»

ጥቂት ዝም ብላ፦ «እንግዲያስ ሰው ሁለት ቤት ሊኖረው ይችላል ማለት ነው?» አለች።

«የሄደበትን ካወቀ፣ የመጣበትንም ካልረሳ፣ አዎን ልጄ» ብለን መለስንላት።

ቅዳሜ ማታ ደክመን አውሮራ ስንደርስ ታናሽዋ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ትከሻውን ነካ አድርጋ «ተነሣ፣ ቤታችን ደረስን» አለችው። እኛ ወላጆቿ ተያየን እንጂ ምንም አልተናገርንም። በማግስቱ ገብር ኄር ነበር፤ የተሰጠውን መክሊት ያልቀበረው የታማኙ አገልጋይ እሑድ። ያረፍንባት ምድርም የተሰጠችን መክሊት መሆኗን፣ ሳያውቋት መኖርም መክሊትን እንደ መቅበር መሆኑን ያን ዕለት ተረዳን።

በትንሣኤ ሌሊት አያቷ ከአዲስ አበባ ስትደውል ልጃችን ስልኩን ነጥቃ፦ «እማማ፣ ስመጣ ላሊበላ አብረን እንሄዳለን» አለቻት። ልጆቻችሁና የልጅ ልጆቻችሁ በሩቅ አገር የሚያድጉባችሁ አንባቢያን ሆይ፣ በዚህ በዓል ደውለው የሚኖሩበትን «ቤታችን» ቢሉት ቅር አይበላችሁ። ይልቁንስ ሌላውን ቤታቸውን አጫውቷቸው። ሄደዋል እንጂ አልጠፉም።