ቃል የማያስፈልገው ፊልም

በአዲስ አበባ ከተማ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ጥላ በግድግዳ ላይ ሲሮጥ ያየ ሰው እንዲህ ቢል አያስደንቅም። እኛም በቤተ ክርስቲያን ያደግን ሰዎች ስሙን ሰምተን ስንሸሸው ኖረናል።

ይሁን እንጂ ከድምፅ አልባዎቹ ፊልሞች መካከል ከቤተ ሰብ ጋር ተቀምጠው የሚያዩት አለ፤ ይኸውም የቻርሊ ቻፕሊን «የከተማ መብራቶች» ነው። በአሜሪካ የታየው በጥር ወር 1923 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑ በሦስተኛው ወር ነበር። የሚናገር ፊልም ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎት ሳለ፣ ቻፕሊን ሙዚቃውን ራሱ ደርሶ ጨመረ እንጂ ተዋናዮቹን አላናገረም።

ቤት የሌለው አንድ ድኻ አበባ የምትሸጥ ዓይነ ስውር ልጃገረድ ይወዳል። እርሷም ባለጸጋ ይመስላታል። ይህን ስሕተት ያለ ንግግር ማስረዳት ቻፕሊንን እጅግ አስጨንቆታል፤ ትርኢቱን 342 ጊዜ እንዳስደገመው ይነገራል። መላው የተገኘው ከአውቶሞቢል በር ነው፤ በሩ ሲዘጋ ሰምታ ሰውየውን ባለመኪና አደረገችው። እርሱም ለዓይኗ ሕክምና ገንዘብ ሰጥቷት፣ ሌባ ተብሎ ወኅኒ ይወርዳል። የሰካራሙ ሀብታም ነገር ባይረዝም በወደድን ነበር።

ባለፈው የመስቀል ሰሞን በወላይታ ሶዶ፣ ሥጋው በዳጣ ከተበላ በኋላ፣ ይህንኑ ፊልም ለዘመዶቻችን አሳየን። ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች ወላይትኛ አይሰሙም፤ አያታቸው ደግሞ አማርኛ አይሰሙም። ቴሌቪዥን በተከፈተ ቁጥር ከመካከል ተቀምጠን የምናስተረጉም እኛ ነበርን፤ ያን ምሽት ግን ሥራ አጣን። ድኻው በቡጢ ግጥሚያ ከዳኛው ጀርባ እየተሸሸገ ሲዘል፣ እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ከልጆቹ እኩል ሳቁ።

በመጨረሻ ዓይኗ የበራላት ልጅ ለዚያ ለተቀዳደደ ሰው ሳንቲም ልትሰጥ እጁን ስትይዝ፣ በእጁ አወቀችው። ቤቱ ጸጥ አለ። እማማ የትንሹን ልጅ እጅ ይዘው በወላይትኛ አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አሉን ልጆቹ።

«አምና ሞራው ከዓይኔ ሳይነሣ፣ እናንተን ለይቼ የማውቃችሁ በእጃችሁ ነበር» ማለታቸው ነው አልናቸው።

ትንሹም ሁለተኛውን እጁን ጨምሮ ሰጣቸው።